ማሽኑ ጠይቆ ነበር

ኮምፒዩተር የሚባለውን ማሽን በዓይኔ ከማየቴ ወራት አስቀድሞ ጽሑፉን አንብቤያለሁ። ያነበብኩትም እናቴ ሱቅ ውስጥ፣ ጥቁር አዝሙድ ልጠቀልልበት ባነሳሁት ወረቀት ላይ ነው። ይህን ስናገር ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እናንተም ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ እኔ ግን ከቅዳሜ እስከ ሰኞ የሆነውን አንድም ሳላስቀር ልጽፈው ቆርጫለሁ። መጻፍ እንዲህ ደስ እንደሚል ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሀያት እባላለሁ። ነገሩ ሲሆን አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው መርካቶ የተቀመጡ ናቸው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቅመም ተራ ያለችውን ጠባብ ሱቅ እናቴ ዘሃራ ብቻዋን ይዛታለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እጠቀልላለሁ። ክፍል ውስጥ ዝምተኛ ነበርኩ። አስተማሪ ሲጠይቅ መልሱን እያወቅሁት እጄ ከጉልበቴ አይነሳም። ሌላው አንስቶ ሲመልስ «እኔም እንዲሁ ነበር ያሰብኩት» እላለሁ፣ በሆዴ።

መጠቅለያ ወረቀት የምንገዛው ምን አለሽ ተራ ጥግ ከሚነግደው ከጋሼ ሽኩር ነው። በዚያ ዓመት አዲስ ዓይነት ወረቀት ያመጣልን ጀመር፤ ወፈር ያለ፣ ግራና ቀኝ ጠርዙ በትንንሽ ቀዳዳ የተደረደረ፣ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል የተጻፈበት። እማዬ «ይሄ አይቀደድም፣ ቁንዶ በርበሬ አያፈስም» ብላ ወደደችው። እኔ ደግሞ ገበያ ሲቀዘቅዝ ማንበብ ያዝኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ሰዓቱ ነበር። እያንዳንዱ መስመር በሰዓት ይጀምራል፤ «አሥራ አራት ሰዓት ከአሥር» ይላል። አሥራ አራት ሰዓት የሚባል አለ እንዴ? ሦስት ቀን ካሰብኩ በኋላ የፈረንጅ አቆጣጠር እንደሆነና በእኛ ስምንት ሰዓት ከአሥር ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ከሰዓቱ ቀጥሎ ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ጫፍ ላይ አንዲት ፊደል። ብዙ ወረቀት ካነበብኩ በኋላ ፊደሏ የማሽኑ ጠባይ እንደሆነች ደረስኩባት። አንደኛዋ ፊደል ስትሆን ማሽኑ ወሬ ነው የሚያወራው፤ «ይህን ጀመርኩ፣ ያንን ጨረስኩ» ይላል። ሁለተኛዋ ስትሆን አንድ ነገር አድርጉልኝ ይላል። ሦስተኛዋ ስትሆን ይጠይቃል፤ መልስ እስኪሰጡት ቆሞ ይጠብቃል፤ የሰጡት መልስም ከሥሩ በአንዲት ፊደል ይጻፋል። ይህን ሁሉ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያመሳከርኩ አንድ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ለማን ብዬ እንደጻፍኩት አላውቅም። ለማንም አላሳየሁም።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጋሼ ታደሰ ሱቃችን መጣ። እኛ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖር፣ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ መውረጃ ባለው የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። በፊት ታይፕ ይመታ ነበር፤ በኋላ ስድስት ሳምንት አሠልጥነው ማሽን ክፍል አስገቡት።

«እትዬ ዘሃራ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ታዴ፣ ምነው ፊትህ? ሰው ሞተ?»

«እኔ ነኝ የሞትኩት።»

እማዬ በርጩማ ገፋ አደረገችለት። ሲናገር እንዲህ ነበር። ድርጅቱ መጋዘን ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ፣ የቱ መደርደሪያ ላይ ምን እንዳለ፣ ሦስት ወር ሙሉ ልጃገረዶች ካርድ እየበሱ በቀዳዳ ሲመዘግቡ ከርመዋል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ካርዶቹን አንብቦ ዝርዝሩን ቴፕ ላይ ጻፈው። ቴፕ የሚባለው እንደ ዘፈን ቴፕ ያለ፣ ግን እንጀራ የሚያክል መንኮራኩር ላይ የተጠመጠመ ክር ነው። ዓርብ ጠዋት ያንኑ ቴፕ ቁጥር ሠላሳ ስምንትን ሰክተው ቢያዩት ያለፈው ዓመት ዝርዝር ነው። አዲሱ የለም።

«ካርዶቹ አሉ አይደል? ድጋሚ ይነበቡ» አልኩ።

«ቦታ ያዙ ብለው አለቃችን አቶ ግርማ ሐሙስ ማታውኑ አስጠረጓቸው።» ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አሁን እሳቸው፣ 'ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የነበርከው አንተ ነህ፣ ያጠፋኸው አንተ ነህ' አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ቃልህን በጽሑፍ ይዘህ ና፣ አጥጋቢ ካልሆነ ስንብት ነው አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? የማውቀው ነገር የለኝ!»

እኔ እየሰማሁ ኮረሪማ እጠቀልል ነበር። ጋሼ ታደሰ ቀና ሲል ዓይኑ እጄ ላይ ወደቀ፤ ብድግ ብሎ ወረቀቱን ከነኮረሪማው ያዘው።

«ይሄን ከየት አመጣችሁት?»

«ከጋሼ ሽኩር ነዋ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። እማዬን እያየ፣ እንዳፈረ ልጅ ሆኖ፣ «እኛ ነን የምንሸጠው» አለ። «ማሽኑ ያለማቋረጥ ይጽፋል፤ ወረቀቱ ይከመራል፤ ማንም አይፈልገውም። ዓርብ ዓርብ አውጥተን እንሸጥና ሻይ እንጠጣበታለን።»

«አላህ ያሳያችሁ! የድርጅቱን ጉዳይ እኔ ነኝ ለካ አዝሙድ ስቋጥርበት የከረምኩት» አለች እማዬ።

«ጋሼ ታደሰ» አልኩ፤ «የሐሙሱን ወረቀት ብናገኝ እኮ ማሽኑ ምን እንዳለ ይታወቃል።»

«ምን ይላል ብለሽ ነው ሀያቴ? ይለፈልፋል፣ ይቆማል። ሲቆም ፊደሏን እንመታለታለን፣ ይቀጥላል። ከእኛ በፊት የነበረው ሰውዬ ያስተማረን ይህንኑ ነው።»

«የትኛዋን ፊደል?»

ነገረኝ። ያቺን ፊደል አውቃታለሁ፤ ደብተሬ ውስጥ ትርጉሟ «ተወው፣ ዝም ብለህ ቀጥል» ነው። ግን አልተናገርኩም። እንደ ልማዴ ዋጥኩት።

እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች «ምን ተቀምጣችሁ ታዩኛላችሁ? ሂዱ ፈልጉ እንጂ፤ ገበያው ሳይበተን!» አለችን።

ጋሼ ሽኩርን ከቆርቆሮና ከአሮጌ ጣሳ ክምር መሐል አገኘነው። ዙሪያውን ቀጥቃጮች ብረት ይመታሉ፤ እሱ ከእነሱ በላይ ይጮሃል።

«ያ እንደ ወንፊት የተበሳሳው? ትናንት የመጣው? አለቀ! እንደሱ ያለ ወረቀት እኮ እኔ ዘንድ አያድርም!»

«ማን ወሰደው ጋሼ ሽኩር?»

«ሸማ ተራ። ያ ፂማሙ ነጠላ ነጋዴ፣ መግቢያው ላይ ያለው። ምን አጣችሁ? ወርቅ ተጠቅልሎበት ሄደ እንዴ?»

«የእኔ እንጀራ ነው የተጠቀለለበት» አለ ጋሼ ታደሰ።

ጋሼ ሽኩር ሳቁን አቆመ። «እንግዲያስ ሩጡ። የበዓል ገበያ ነው፣ ዛሬ ሸማ ቆሞ አይጠብቅም።»

እውነቱን ነበር። ሸማ ተራ ሰው በሰው ላይ ይሄዳል። ፂማሙ ነጋዴ ከበስተኋላው ጣሪያ የሚነካ የነጠላ ቁልል ይዞ ቆሟል። ነጠላ እጥፋቱ እንዳይበላሽ መሐሉ ወረቀት ይገባል፤ ከእያንዳንዱ እጥፋት ጠርዝ ያ ቀዳዳ ቀዳዳው ወረቀት ብቅ ብሎ ይታየኛል። ሃያ ይሆን ሠላሳ፣ እንጃ።

ጋሼ ታደሰ ጉዳዩን ሲያስረዳው ሰውየው ፂሙን ያዘ። «እና አሁን፣ በዚህ ገበያ፣ ነጠላዬን ሁሉ ልትፈቱት ነው?»

«እንመልሰዋለን፣ ጋሼ» አልኩት። «እኔ መጠቅለል ሥራዬ ነው። አንተ ካጠፍከው አሳምሬ ነው የማጥፍልህ።»

«ምን አልሽ? ከእኔ አሳምረሽ?» ከት ብሎ ሳቀ። «እስቲ እንይሻ! አንዱ ቢጨማደድ ትገዢዋለሽ።»

ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ እያየሁ ከላይ ጀመርኩ። የሰኞ ነው። የማክሰኞ ነው። ይሄ ጠዋት ነው። አንዲት ሴትዮ በመሐል መጥተው ለሠርግ ሁለት ነጠላ መረጡ፤ ከፍለውም ሊሄዱ ሲሉ ከክንዳቸው ሥር የወጣው የወረቀት ጫፍ ላይ የሐሙስን ቀን አነበብኩ።

«እትዬ! እባክዎ ይቁሙልኝ!»

«ምነው ልጄ? ከፍያለሁ እኮ!»

«ነጠላውን አይደለም፣ ወረቀቱን ነው የምፈልገው።»

«ወረቀት? ለወረቀት ነው እንዲህ ልቤን ያወረድሽው?» እያጉረመረሙ ሰጡኝ። ሳጥፍላቸው ግን እጄን ሲያዩ ቆይተው «ይቺ ልጅ የማን ናት? ማጠፍስ ታውቃለች» አሉ። ፂማሙ ነጋዴ ሳይወድ በግድ ራሱን ነቀነቀ።

ወረቀቱን ይዘን አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ስምንት ሰዓት፣ ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ስምንት ከአምስት፣ «ቴፕ ሠላሳ ስምንትን ሁለተኛው ማዞሪያ ላይ ስካልኝ» አለ። ስምንት ከአሥር ላይ ያቺ ሦስተኛዋ ፊደል ነበረች፤ የጥያቄዋ። ቀስ ብዬ ተረጎምኩለት።

«'ሁለተኛው ማዞሪያ ላይ ያገኘሁት ሠላሳ ዘጠኝን ነው። የፈለግሁት ሠላሳ ስምንትን ነው። ምን ላድርግ?' ይላል።»

«ከዚያስ?»

ከዚያማ የእሱ መልስ ነበረች። አንዲት ፊደል። ተወው፣ ዝም ብለህ ቀጥል።

ያን ጊዜ መዋሸት እችል ነበር። እንግሊዝኛው ለእሱ ጨለማ ነው። «ምንም አይልም» ብለው አምኖኝ ይሄዳል። አፌ ውስጥ የነበረውን ቃል እስከዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ይከብድ ነበር።

«ጋሼ ታደሰ... ማሽኑ ጠይቆህ ነበር። ጎን ለጎን ከተቀመጡት የተሳሳተውን ነው ያነሳኸው። ማሽኑ ቆመና ጠየቀህ። አንተም ቀጥል አልከው።»

ብዙ ሰው በፊታችን አለፈ። እሱ የፊደሏን ቦታ በአውራ ጣቱ ይደባብሳል። «ስለዚህ እኔው ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ትርጉሙን የነገረህ የለም እኮ።»

«ጠይቄስ አውቃለሁ?» ወረቀቱን አጣጠፈው። ይቀደዋል ብዬ ስጠብቅ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ቃልህን ጻፍ ተብያለሁ። እንግዲህ የሆነውን እጽፋለሁ። የምታግዢኝ ከሆነ።»

እሑድ ጠዋት የእኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሦስት ጊዜ ቀደድን። ለአለቃ የሚጻፍ ነገር ሁሉ «ክቡርነትዎ» እና «በትሕትና» ሞልቶት የሆነው ነገር ይጠፋል። በአራተኛው «ጋሼ፣ ዝም ብለን በየሰዓቱ የሆነውን እንጻፍ፤ ልክ ማሽኑ እንደሚጽፈው» አልኩት። ሄደልን። ስምንት ከአምስት ላይ ይህ ሆነ። ስምንት ከአሥር ላይ ማሽኑ ይህን ጠየቀ። እኔም ሳላነብ ቀጥል አልኩት። ማሽኑም ዝርዝሩን ሁሉ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ...

ብዕሬ ቆመ።

«ጋሼ ታደሰ! ሠላሳ ዘጠኝ የት ነው ያለው?»

«መደርደሪያው ላይ። ሥራ ያለቀለት ባዶ ቴፕ ነው፤ ምነው?»

«ባዶ አይደለም! ማሽኑ ቀጥል ስትለው የጻፈው እዚያ ላይ ነዋ! ሠላሳ ስምንትን ማን ነካው? ለዚህ እኮ ነው ያለፈው ዓመት ዝርዝር የወጣው!»

አፉን ከፍቶ አየኝ። እማዬ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ? ማን ወለደ?» አለች። እሱ ተነስቶ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። ድርጅቱ እሑድ ዝግ ነው። እስከ ሰኞ ያንን ቴፕ ሌላ ሰው ባዶ መስሎት ቢጽፍበትስ? ሰኞ ሥራ የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በፊት በር ላይ መገኘት አለብን።

«ከትምህርት ቤት የምትቀሪው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሁለት የለም» አለች እማዬ።

ሰኞ ጠዋት ማሽን ክፍል ስገባ ብርድ ፊቴን መታኝ፤ ክፍሉን የሚያቀዘቅዝ ሌላ ማሽን ነበር። ሁለቱ የጋሼ ታደሰ ባልደረቦች ቆመዋል። ጋሼ ታደሰ ዓይኑን በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ላከ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቦታው ላይ ነበር። አቶ ግርማ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ወፍራም ሰው፣ ወረቀታችንን ተቀብለው እኔን ተመለከቱ።

«ታደሰ፣ ይቺ ልጅ ማን ናት?»

«የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ጌታዬ፤ እናቷ ቅመም ተራ ነው የምትነግደው። ማሽኑ የሚለውን ያነበበችልኝ እሷ ናት።»

አንደኛው ባልደረባ ሳቀ። «ቅመም ተራ ያለችው? እኛ ተምረን ያላነበብነውን?»

አቶ ግርማ መልስ ሳይሰጡ ማሽኑ መልእክቱን የሚጽፍበት የጽሕፈት መኪና ቀጨቀጨና ቆመ። የሳቀው ልጅ ከሳቁ ሳይመለስ ጣቱ በራሱ ወደዚያች ፊደል ሄደ።

«ቆይ!» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ያስተጋባው ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ሲያዩኝ ነው። ጠጋ ብዬ አነበብኩ። «ይሄ የሁለተኛዋ ፊደል ነው፤ አንድ ነገር አድርጉልኝ ነው የሚለው። ማተሚያው ወረቀት አልቆበታል። ወረቀት ስጡት፣ ሌላ አልፈለገም።»

ዞረው አዩ። ማተሚያው ባዶውን ተቀምጧል፤ አንዱ ሮጦ ወረቀት አስገባለት።

«እኔ እኮ» አለ ልጁ ጆሮውን እያከከ፣ «አንዳንዴ ለምን አምስቴ እንደምመታው ይገርመኝ ነበር።»

ያን ጊዜ አቶ ግርማም ሳቁ። እኔም ድፍረቴ ሳይበርድብኝ ጠየቅሁ፤ «ለእነዚህ መልእክቶች ሁሉ ትርጉም የሚሰጥ መጽሐፍ የለም? እያንዳንዱ ቁጥር አለው እኮ።»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው አንድ ቁም ሳጥን ከፈቱ። ወፍራም መጽሐፍ ነበር፣ ከነላስቲኩ። «እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው» አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ላስቲኩን ቀደው፣ የእኛን ቁጥር ፈልገው፣ ቆመው አነበቡ። አንብበው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሠላሳ ዘጠኝን ስካው፣ ታደሰ» አሉ።

ሰካው። ማዞሪያው ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጥኖ ዞረ፤ ቆመ፤ ዞረ። ማተሚያው ድንገት ጓ ብሎ ተነሳ። የመጀመሪያው መስመር የፍሬን ሸራ ነበር። ሁለተኛው የፍሪሲዮን ዲስክ። ካርድ ከሚበሱት ልጃገረዶች አንዷ በር ላይ ቆማ ኖሮ «የእኔ ነው! ይሄን የበሳሁት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ጋሼ ታደሰ ግድግዳውን ይዞ ፊቱን አዞረ።

አቶ ግርማ «ጥፋት አለብህ» አሉት።

«አለብኝ፣ ጌታዬ።»

«እኔም ቁልፉን በኪሴ ይዤ ዞሬያለሁ፤ ካርዶቹንም ዝርዝሩን ሳላይ አስጠርጌያለሁ። ማስጠንቀቂያ እጽፍልሃለሁ። ስንብት አልጽፍም።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ብትመልሺልን? ሁሉን አይደለም፣ የሚደጋገመውን።»

ትምህርት ቤት የደረስኩት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ቁጣውን በደስታ ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽን ክፍሉ ጥግ ጠረጴዛ አለኝ። ለእያንዳንዱ መልእክት ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ ማሽኑ ምን እንዳለ፣ ለምን እንዳለ፣ ምን እንደሚደረግለት። መጀመሪያ የተቸገርኩት ማሽኑ ሰውን እንዴት ብሎ እንደሚጠራ ነበር። ጋሼ ታደሰን «አንተ» እያለ ሲያዘው መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ አንዳንዴ እኔ በአፌ እለው የለም ወይ? በጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የእኛ ማሽን «እባክዎ ይምረጡ» ይላል። እማዬ ሰምታ «ካንቺ ይልቅ እሱ ጨዋ ሆነ» አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች ምናልባት ኮምፒዩተር አይታችሁ አታውቁም፤ ምናልባትም አታዩም። እኔ ግን ስለ ማሽን ብቻ ልነግራችሁ አይደለም የተነሳሁት። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰነፍ ሰው አልነበረም። አንዱ ባለማወቅ ያደረገውን ሌላው ተቀበለው፤ ሦስተኛውንም እንዲያው አስተማሩት። መጽሐፉ ነበረ፣ ተቆልፎበት። እኔም ደብተሬ ነበረኝ፣ እኔው የቆለፍኩበት። ለአንድ ሰው እንኳ ቀደም ብዬ ባሳየው ኖሮ ያ ሐሙስ ባልደረሰ ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይከነክነኛል። የምታውቁት ነገር ካለ ትንሽ ናት ብላችሁ አትዋጧት። ያልገባችሁ ካለም ጠይቁ። እኔ ዛሬ ክፍል ውስጥ እጄን በማንሳት አስቸጋሪ ሆኛለሁ ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ጋሼ ታደሰን አየሁት። የጽሕፈት መኪናው ቀጨቀጨና ቆመ። እጁ እንደ ድሮው ተነሳች፤ መንገድ ላይ ቆመች፤ ተመለሰች። ግድግዳው ላይ ወደ ለጠፍነው ጽሑፍ ሄዶ ቁጥሩን ፈለገ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ ጊዜ አነበበው። ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው አነበበው። ማሽኑ ጠበቀው።